ከፍታን የሚገዛ ሰው ምን ይገዛል?

ሰው አንድን ዕቃ ሲገዛ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም። ከዕቃው ጋር ዕረፍትን፣ ደኅንነትን፣ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ዓይን ይገዛል። ከእነዚህ ምኞቶች መካከል የትኛው ቅን፣ የትኛውስ ነቀፋ ያለበት እንደ ሆነ ለመመርመር ስናስብ፣ ነገሩ ጎልቶ የሚታይበትን አንድ ምሳሌ መረጥን፤ ይኸውም በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት፣ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያላቸው፣ ታላላቆቹ የቅንጦት የመስክ መኪኖች ናቸው። ከምእመናን አንዳንዶቹ «ይህ ደግሞ እኛን ምን ይመለከተናል?» ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን መኪናው የሩቅ አገር ቢሆንም ምኞቱ የሩቅ አገር አይደለም፤ ዋጋው 100 ሺህ ዶላር በሚጠጋበት፣ ከዚያም እጅግ በሚያልፍበት ስፍራ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል እንጂ። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የእነዚህ መኪኖች አባቶች የጭቃና የእርሻ መኪኖች ነበሩ። በ1970 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨር መቀመጫው የፕላስቲክ ልባስ፣ ወለሉም የጎማ ምንጣፍ ስለ ነበረው ውስጡ በውኃ ይታጠብ ነበር። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው መኪና ከኋላ መቀመጫዎቹ መካከል የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሊገጠምለት ይችላል። በአሜሪካ ግን ውድድሩ የጋለው ሊንከን በ1997 ናቪጌተርን ካወጣ በኋላ ነው፤ ካዲላክም በማግሥቱ ዓመት ኤስካሌድን ይዞ ተከተለው። ሁለቱም በመሠረቱ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቆዳና የእንጨት ጌጥ የተጨመረባቸው ነበሩ። የ1998 ሽያጭ ሲቆጠር ካዲላክ ሊንከንን በ222 መኪና ብልጫ ቀደምሁ ብሎ አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የመጨረሻው ወር ሽያጭ ከ4,700 በላይ በሚሆኑ መኪኖች ተጋኖ እንደ ነበር አምኖ ቁጥሩን አረመ። ሻጩ ራሱ ከጎረቤቱ በላይ ሆኖ ለመታየት ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ በገዢው ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሕጉም ቢሆን የድርሻውን አድርጓል፤ በ1978 ነዳጅ አብዝተው በሚፈጁ የቤት መኪኖች ላይ ልዩ ግብር ሲደነገግ፣ የመስክ መኪኖች ከቀላል የጭነት መኪና ወገን ተቆጥረው ከግብሩ ነፃ ሆነው ቀርተዋል።

ገዢው ሲያነጻጽር ምን ያያል? ኤስካሌድ 6.2 ሊትር የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ 5.4 ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና በክሩስኮቱ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ስክሪን ይዞ ይቀርባል፤ በ100 ኪሎ ሜትርም 15 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። ናቪጌተር ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ስምንቱን ሲሊንደር ትቶ በስድስት ይሠራል፤ ገዢውን የሚጠራው ይበልጡን በጸጥታና በዕረፍት ነው፤ የፊት መቀመጫዎቹ በ30 ዓይነት መንገድ የሚስተካከሉ ተደርገው ተሠርተውለታል። ሌክሰስ ኤል ኤክስ ከላንድ ክሩዘር ጋር አጥንቱ አንድ ነው፤ እርሱን የሚመርጥ ሰው የሚሻው መኪናው እንዳይሰበርበት፣ በሚሸጥበትም ቀን ዋጋው እንዳይወርድበት ነው። የጀርመኖቹ መርሴዲስ ጂ ኤል ኤስና ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ ሰባት ደግሞ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ያልቆሙ፣ አካላቸው እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ የሆነ ስለ ሆነ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ የተረጋጉ ናቸው። ጀልባ ወይም የፈረስ ተጎታች የሚስብ ሰው ግን እነዚያን ከባድ ሻንሲ ያላቸውን ይመርጣል፤ ከ3 ቶን ተኩል በላይ የሚጎትቱ አሉባቸውና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሦስተኛውን ረድፍ መመልከት ይጠቅማል እንላለን። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ወጥ አክስል በሚያገናኛቸው መኪና፣ አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ስፍራ ስለሚያስፈልገው ወለሉ ከፍ ይላል፤ ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል። ናቪጌተር ይህን በ2003 ሞዴል አስተካክሎ እያንዳንዱን የኋላ ጎማ ለየብቻው አቆመው። ኤስካሌድ ተመሳሳዩን ያደረገው በ2021 ሞዴል ነው። በመካከሉ ባለፉት 18 ዓመታት የኤስካሌድ ሦስተኛ ረድፍ ለዐዋቂ ሰው የማይመች እንደ ሆነ መኪና የሚመረምሩ ጸሐፊዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ መኪናው ግን ገዢ አላጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከኋላ አልተቀመጠም። «ለቤተሰቤ ስል ገዛሁ» የሚል ሰው ሳይዋሽ ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ምኞቶቹን ለይተን እንመልከታቸው። ጸጥታ ያለው ክፍል፣ የማያደክም መቀመጫ፣ ስድስት ልጆች ከአያታቸው ጋር አብረው የሚጓዙበት ስፋት፤ እነዚህ ሁሉ ጎረቤት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ለባለቤታቸው ያው ናቸው። የጎረቤቴ መቀመጫ ቢለሰልስ የእኔ አይሻክርም። ሌሎች ምኞቶች ግን ሌላው ሲያጣቸው ብቻ የሚገኙ ናቸው። ፍሬድ ሂርሽ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በሕዝብ መካከል በቆመ ሰው መስሎታል፤ አንዱ በእግሩ ጣት ቢቆም አሻግሮ ያያል፣ ሁሉም በእግራቸው ጣት ቢቆሙ ግን ማንም ከቀድሞው አብልጦ አያይም፤ እግር ብቻ ይደክማል። የታላላቆቹ መኪኖች ገዢዎች ዘወትር ከሚያመሰግኗቸው ነገሮች አንዱ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነው። ይህ ከፍታ ግን የሚጠቅመው ፊት ለፊት ያለው መኪና ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። ጎረቤትም በተራው ከፍ ያለውን ይገዛል።

ደኅንነትም በከፊል እንዲሁ ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም በዚህ ነው፤ የሌላ ሰው ሕይወት ያለበት ነውና። ሚሼል ዋይት የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በትላልቆቹ መኪኖች ውስጥ ያሉ ሰዎች ከአንድ ገዳይ አደጋ ሲያመልጡ በሌሎች ላይ ቢያንስ 4.3 ተጨማሪ ገዳይ አደጋዎች እንደሚደርሱ አስልተዋል። በአሜሪካ በመኪና ተገጭተው የሞቱ እግረኞች በ2009 ወደ 4,100 ነበሩ፤ በ2022 ከ7,500 በላይ ሆኑ። የዚህ ጭማሪ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በመስክ መኪና ላይ መጫን እውነትን ማጉደል ይሆናል። ሆኖም የመድን ድርጅቶች የሚያቋቁሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 ወደ 18,000 የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ፣ የኮፋኖው ጫፍ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪና፣ ኮፋኖው ዝቅና ዘንበል ካለ መኪና ይልቅ እግረኛውን የመግደል ዕድሉ በ45 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ዝቅ ያለው መኪና እግሩን የሚመታውን ሰው፣ ከፍ ያለው ደረቱንና ራሱን ይመታዋል። በቁመቱ ከኮፋኖው በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ለነጂው ላይታይ ይችላል። ይኸው ተቋም በ2025 እንዳስታወቀው፣ ክብደት ከመንገዱ መኪኖች አማካይ ካለፈ በኋላ ለተሳፋሪው የሚጨምረው ጥበቃ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሌላው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይቆምም።

ስለዚህ ገዢው ሁሉ ትዕቢተኛ ነው እንበልን? አንልም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲና በሊሙዚን ሥራ ከሚተዳደሩት ወገኖቻችን መካከል ጥቁር ትልቅ መኪና የእንጀራ መሣሪያው የሆነለት ሰው አለ፤ እርሱ የገዛው እርሻ እንደሚገዛ ገበሬ ነው። ለዘመናት የተናቀ ሕዝብ ልጅ፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው መኪና ላይ ሲወጣ የሚሰማውንም ደስታ፣ ማንም ንቆት የማያውቅ ሰው ቢነቅፈው ነቀፋው ቀላል ይሆናል። መታየትን የመሻት ነገር በትልቅ መኪና ብቻ የሚገኝ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ በ2015 ዋሽንግተንን ሲጎበኙ በትንሽ ፊያት ተቀምጠው በግዙፋን የጥበቃ መኪኖች መካከል ሲያልፉ፣ የዓለም ዓይን ያረፈው በትንሿ ላይ ነበር። እርሳቸው የታወቁት በቀላል ኑሮ ስለ ሆነ ነገሩ አማረባቸው፤ ነገር ግን ትንሽ መኪናም ለታይታ ሊነዳ ይችላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ምጽዋት ሲያስተምር «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ያለ እርሱ መኖር የማይቻል፣ ሁለተኛው ያለ እርሱ እንደ ማዕረግ መኖር የማይቻል ነው። ሁለተኛው በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ አይደለም ይላል፤ ብዙ ቢጨመርበት ከልክ አለፈ ለማለት ያስቸግራል፣ ብዙ ቢቀነስለትም ሰው እንደ ማዕረጉ መኖሩን ይቀጥላል። የዛሬው ገዢ ሁሉ የሚከራከረው በዚህ በሁለተኛው ሰፊ ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፣ ካቴኪስቶቻችን በወጣቶች «ይህን መኪና መግዛት ኃጢአት ነውን?» ተብለው ቢጠየቁ በዋጋ ብቻ ለመመለስ ባይቸኩሉ መልካም ነው። በ2002 በአሜሪካ አንድ የወንጌላውያን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ኢየሱስ ዛሬ ቢኖር ምን ይነዳ ነበር በሚል ጥያቄ ዘመቻ አካሂዶ ብዙ አወያይቶ ነበር። ጥያቄው ጆሮ የሚስብ ቢሆንም፣ ስለ ሞተሩና ስለ ጭሱ እንጂ ስለ ሌላው ተጓዥ ብዙም አያስጠይቅም ብለን እናስባለን። የቅድስት መንበር የስደተኞችና የተጓዦች ጳጳሳዊ ምክር ቤት በ2007 ስለ መንገድ ባወጣው መመሪያ፣ መኪና የኃይልና የበላይነት መግለጫ እንዳይሆን ሲያሳስብ ወደ ነገሩ ይበልጥ የቀረበ ይመስለናል።

በአገራችን ላንድ ክሩዘርን የማያውቅ የለም። ክረምት ሲገባ በሚቆረጥ ፒስታ መንገድ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ክትባት የሚያመላልስ መኪና ከፍታውም ክብደቱም አስፈላጊ ነው፤ ስለ ቁመቱ የሚወቅሰው የለም። ያው መኪና በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ሲታይ ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተገዛበት ነገር ነው። ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አንባብያን ያውቃሉ፤ አንዳንዶችም ኤሌክትሪኩ የቅንጦትን ነገር ሁሉ የሚፈታ ይመስላቸዋል። ጭሱን በእርግጥ ያስቀራል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ኤስካሌድ አይ ኪው ግን ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በቤንዚን ከሚሠራው ወንድሙ ከአንድ ቶን በላይ ይከብዳል ማለት ነው።

ብቻውን ከጣቱ የሚወርድ ሰው ምንም እንደማያይ እናውቃለን፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍ ባሉበት መንገድ ልጆቹን በዝቅተኛ መኪና ይዞ ውጣ የሚባል አባት ቅር ቢለው አይፈረድበትም። አብሮ መውረድ ግን ይቻላል። በ2003 የመኪና አምራቾች በገዛ ፈቃዳቸው ተስማምተው፣ በ2009 የመስክ መኪኖች ፊት ለፊት ያለው ግጭት የሚቀበል ብረት ከቤት መኪኖች ብረት ጋር በቁመት እንዲገጥም አድርገዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመስክ መኪና ቢገጨው በሌላው መኪና ተሳፋሪ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀንሷል። እግረኛውን ግን ያ ስምምነት አልነካውም። የፓሪስ ከተማ ደግሞ በየካቲት 2024 ነዋሪዎቿን ጠይቃ፣ ከ1.6 ቶን በላይ የሚመዝኑ በነዳጅ የሚሠሩ የእንግዳ መኪኖች ለማቆሚያ ሦስት እጥፍ፣ በመሀል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ እንዲከፍሉ ወሰነች። ውሳኔው 54 በመቶ በሚሆን ድምፅ አልፏል፤ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ግን ከመራጩ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።