«ተበላሸብኝ» ወይስ «አበላሸሁት»?

ቋንቋችን ላጠፋ ሰው የሚያዝን ይመስለኛል። ብርጭቆ ከእጁ ያመለጠ ልጅ «ሰበርኩት» አይልም፤ «ተሰበረብኝ» ይላል። ዘግይቶ ቢሮ የገባ ሠራተኛ «አረፈድኩ» ከሚል ይልቅ «ረፈደብኝ» ማለት ይቀናዋል። ወጥ ያሳረረችው «አረረብኝ»፣ ደረሰኝ የጣለው «ጠፋብኝ» ይላሉ። በዚያች «ብኝ» በምትባል ትንሽ ቅጥያ ውስጥ አድራጊው ተደራጊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ብርጭቆው በዳይ፣ ልጁ ተበዳይ!

ነገሩን የማነሣው ለሰዋስው ብዬ አይደለም። እኔ የሰዋስው ሰው አይደለሁም። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው መንገድ ላይ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የሆቴል ምድጃና የጤና ጣቢያ መቀቀያ ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረበ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው ቃል ቢኖር «ተበላሸብኝ» ነው። ደንበኛው «ተበላሸብኝ» ብሎ ያመጣል። እኔም ሳበላሽ «ተበላሸብኝ» ብዬ እመልሳለሁ። እንዲህ ስንባባል በመካከላችን ያለው ዕቃ ራሱን በራሱ ያበላሸ ይመስላል። ሌላም ምቹ ማምለጫ አለን፤ መብራት። በእኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በሙያችን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ የሚፈልግ ሰው እምዬን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ማንም ሊደርስበት የማይችለውን ስህተት ሰው የመናገር ግዴታ አለበት ወይ? ካለበትስ ለማንና መቼ?

አካባቢያችንን የሚያውቅ ሰው ቡና ስህተትን እንደማይደብቅ ያውቃል። የሚታጠብ ቡና በገንዳ ውስጥ ከሚገባው ሰዓት በላይ ካደረ ይኮመጥጣል። ሳይደርቅ የተከመረ ይሻግታል። እዚህ ሚዛን ላይ የታለፈውን ጥፋት አዲስ አበባ ያለ ቀማሽ በአንድ ማንኪያ ይደርስበታል። ገበሬውም፣ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቁ ይጠነቀቃሉ። ጣዕምም ሽታም የሌለው ስህተት ግን አለ። የእኔ እንዲህ ያለው ነበር።

ጊዜው ኅዳር 2003 ዓ.ም. ነው፤ የቡና ለቀማ ወቅት። ያኔ ቤንች ማጂ ዞን ይባል በነበረው አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣው አልሠራም ብሎ አስጠራኝ። ተራ የቤት ፍሪጅ ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቴርሞስታቱ ተቃጥሏል። አዲስ ገጠምኩለት። ሞተሩ ተነሣ፣ ማቀዝቀዝ ጀመረ። ደንቡ እዚያው ቆይቶ ሞተሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ በራሱ ሲቆም ማየት ነው። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። አንድ ሆቴል የቢራ ፍሪጁ ቆሞበት ይጠብቀኛል። በለቀማ ወቅት ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ የቀዘቀዘ ቢራ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የተሻለ ይከፍላል። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመርፌ መቀቀያቸውን ልጠግን ተመለስኩ። ሲስተሯ አልነበረችም፤ የተቀበሉኝ ዘበኛው ናቸው። «እጅህ ይባረክ ልጄ!» አሉኝ። «የድሮው ውሃ እንኳ አያቀዘቅዝም ነበር። ይኸው ያንተው በረዶ ይሠራል!» ብለው ማታ ማታ ደብቀው የሚያስገቧትን የውሃ ጠርሙስ አሳዩኝ። ውሃው እንደ ድንጋይ ደርቋል።

እርሳቸው እየመረቁኝ እኔ ደነገጥኩ። ብዙ ሰው ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ይመስለዋል። የክትባት ማቀዝቀዣ ልኩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ እንደሚጎዳ ሁሉ፣ አንዳንዱ ክትባት በረዶ ሲሆን አቅሙን ያጣል። ሕፃናትን ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ክፋቱ፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ጠርሙሱን ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቀን መብራት ስለሚጠፋ ሌሊት የረጋው ጠዋት ይቀልጣል። የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ደግሞ «ተሰበረብን» ተብሎ ከዞን ምትክ እየተጠበቀ ነበር።

ፍሪጁን ከፍቼ ሳይ ቅዝቃዜውን ለቴርሞስታቱ የምትነግረው ቀጭን ቱቦ ከቦታዋ ወጥታ ተንጠልጥላለች። አጥብቄ አላሰርኳትም ነበር። ስለዚህ ሞተሩ «ይበቃሃል» የሚለው አጥቶ መብራት ባለ ቁጥር ያለ ዕረፍት ይሠራል። ቱቦዋን አሰርኳት። ይህን ጊዜ ቆሜ ሞተሩ በራሱ ሲያቆም ጠበቅሁ። መቀቀያውንም ጠገንኩ። ዘበኛው ያፈሉትን ቡና ጠጣሁ። ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስምንት ቀን ዝም አልኩ። ምክንያት አላጣሁም። «ምናልባት ክትባቶቹ ጋ አልደረሰ ይሆናል» አልኩ። «ብናገር ሥራ የሚሰጠኝ የለም» አልኩ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልኩ። ከሁሉ የከበደው ግን ይህ ነበር፦ «ነገሩ ቢወራ እናቶች ከክትባት ይሸሻሉ፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።» ይህ የመጨረሻው ለሰው የተጨነቀ ስለሚመስል አደገኛ ነው። ለራሴ ስፈራ ለሌላው የፈራሁ ይመስለኝ ጀመር።

በስምንተኛው ቀን ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ተቀመጠች። ለቀማ ጨርሳ ወደ አገሯ የምትመለስ ናት። ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ካርድ አወጣችና «ወንድሜ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አንብብልኝ» አለችኝ። ካርዱ የዚያው ጤና ጣቢያ ነው። የተከተበችበት ቀን እኔ ዝም ካልኩበት ቅዳሜ በኋላ ያለው ሐሙስ ነው። «ከለቀማ አንድ ቀን ቀርቼ ነው ያስከተብኩት» አለችኝ፤ የቀን ገቢዋን ትታ ማለቷ ነው። ቀጠሮዋን አነበብኩላት። መረቀችኝ። ሚዛን ስንደርስ ወደ ቦንጋ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈረች። አልነገርኳትም። ስሟንም አልጠየቅኋት።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።

ሲስተር ሰምታኝ ስታበቃ አልጮኸችም። ከአንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ሁለት ጠርሙስ ወሰደች፤ አንዱን ሆን ብላ በረዶ አደረገችና አቀለጠችው። ሁለቱን አብራ ናጠቻቸውና ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ደኅና ክትባት ድፍርስ ሆኖ ይቆያል፤ በረዶ የነካው ቶሎ ይዘቅጣል። ሁለቱም እኩል ዘቀጡ። ከዚያ መዝገቡን አውጥታ ቆጠረች። «ቅዳሜ ነግረኸኝ ቢሆን ዘጠኝ ልጅ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ሠላሳ አንድ ናቸው።»

ይህን ቁጥር ከዚያ ወዲህ በልቤ ይዤ እኖራለሁ። ዘጠኙ የስህተቴ ናቸው። ሃያ ሁለቱ ግን የዝምታዬ ናቸው። ስህተትና ጥፋት በአፋችን ይቀላቀላሉ እንጂ በእውነቱ አንድ አይደሉም፤ ድንበራቸው ማወቅ ነው። ቱቦዋን ሳላጠብቅ ስሄድ የተሳሳትኩ ሰው ነበርኩ፤ መቸኮሌ ያስወቅሰኛል፤ ግን አላወቅሁም። የረጋውን ውሃ አይቼ ምርቃቱን ስቀበል ጥፋተኛ ሆንኩ። ስህተትን መናገር የሚጠቅመው እንግዲህ ስህተቱን ስለሚሽር አይደለም፤ አይሽርም። ስህተቱ ወደ ጥፋት እንዳይሻገር በሩ ላይ ስለሚይዘው ነው። ለዚህም ነው መናገር ጊዜ ያለው። በስምንተኛው ቀን የሚነገር እውነት ከመጀመሪያው ቀን እውነት ያነሰ እውነት ባይሆንም፣ በሃያ ሁለት ልጅ ያነሰ ነው።

ይህ በአንድ መንደር ጠጋኝ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የእኛ ሙያ በሙሉ አንድ ትልቅ ስህተት በትከሻው ላይ አለ። በቀደመው ዘመን ፍሪጆች የሚሠሩባቸው ጋዞች ሲያመልጡ ሰው ይገድሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ የማይመርዝና የማይቀጣጠል ጋዝ አገኙ። ዓለም አጨበጨበ። ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሞት ጋዙ ሰማይ ላይ የሚያደርገውን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ይኸው ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ንብርብር እንደሚያጠፋ ጻፉ። ብዙ አምራቾች ግን «ማስረጃው አልጠነከረም» እያሉ ከአሥር ዓመት በላይ ተከራከሩ። የሞንትሪያል ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ አገራችንም በ1987 ዓ.ም. ገባችበት። እኔ ራሴ ሙያውን ስማር አሮጌ ጋዝ የምናስወግደው ቧንቧውን ቆርጠን ወደ አየር በመልቀቅ ነበር። ሚጅሊን ስህተተኛ ልንለው እንችላለን፤ ጥፋተኛ ለማለት ግን ይከብደኛል። ካወቁ በኋላ የተከራከሩትስ? የእነርሱና የእኔ ስምንት ቀን ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

ለማን ይነገር? የሚለው ይቀራል። ለነፍስ አባት መናዘዝ ለነፍስ ነው፤ አልንቀውም። የእኔ ንስሐ ግን ለሕፃኑ ደም የሚጨምርለት መከላከያ የለም። ክትባቱን የሚደግመው የጤና ጣቢያው ሰው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚነገረው ለእርሱ ነው። ገበያ መሐል ወጥቼ ብጮህ ደግሞ ልቤ ይቀልል ይሆናል፤ እናቶቹ ግን ባልተጠና ወሬ ይደናገጡ ነበር። «ቢወራ ይጎዳል» የሚለው ክርክር እውነትነቱ ለጩኸቱ እንጂ ለዝምታው አይደለም። በመካከል ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ እኔ ያላየሁት ማየት ስላልፈለግሁ ነው። አባቶቻችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት እንዲቆም ያደርጉ የነበረው በከንቱ አይመስለኝም። ድንጋዩ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቁም ነገሩ ወዴት ተሸክመኸው ትሄዳለህ ነው። ቀጥሎም ካሳ አለ።

ታዲያ ለምንድን ነው የማንናገረው? ፈሪዎች ስለሆንን ብቻ አይመስለኝም። ታሪካችንም አስተምሮናል። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ነበረ፤ ከዚያም በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ» መጣ። ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጥፋቱን ይዘረዝር ነበር። ሐሳቡ በራሱ ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን የተናዘዙት ቃል ነገ ሌላ መድረክ ላይ መክሰሻ ሲሆን ያየ ሰው ትንሿን ጥፋት አውጥቶ ትልቋን መደበቅ ይማራል። «ሰዓት አላከብርም» ብሎ ይናዘዛል፤ የጎደለውን ሒሳብ ግን አያነሣም። «ማን አጠፋ?» ብቻ የሚባልበት ቤት «ምን ጠፋ?» የሚለውን መልስ አያገኝም። እዚያ ቤት ውስጥ «ተበላሸብኝ» የሰነፍ ቃል ሳይሆን የመትረፊያ ዘዴ ነው።

ሲስተር ከእኔ ይልቅ ይህን ታውቅ ነበር። «እንዴት አወቅህ?» ስትለኝ ስለ ቱቦዋ ብቻ ተናገርኩ፤ ስለ ጠርሙሱ አላነሣሁም። የራሴን እንጂ የሌላ ሰው ጥፋት የመናዘዝ ሥልጣን የለኝም ብዬ ነው። በማግሥቱ ዘበኛው ራሳቸው ሄደው «ውሃዬን የማስገባው እኔ ነኝ» ብለው ነገሯት። አልተባረሩም። እኔም ጥገናውን አላጣሁም፤ የተበላሸው ክትባት ግን ተጣለ፣ ለጥገናው የተቀበልኩትንም መለስኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከመዝገቡ ስም እየያዙ ቤት ለቤት ሄዱ። ሃያ ዘጠኝ ልጆች ተገኝተው ድጋሚ ተከተቡ። ሁለቱ አልተገኙም፤ እናቶቻቸው ለለቀማ መጥተው የተመለሱ ናቸው። አንደኛዋን አጠገቤ ተቀምጣ ካርዷን አንብቤላታለሁ።

ዛሬ ብዙ ጤና ጣቢያዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሏቸው። የሠላሳ ቀን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያም አለ፤ በረዶ ከሆነ ምልክት ያሳያል፤ «መብራት ነው» ቢሉት አይሰማም። ደስ ይለኛል። ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው የሆነውን ነው፤ «እኔ ነኝ» ማለት አይችልም። ያን የሚለው አሁንም ሰው ነው።

ሁለት ተለማማጆች አሉኝ። ጋዝ መሙላት ሳላስተምራቸው ያስተማርኳቸው አንድ ነገር አለ። በእኔ ሱቅ «ተበላሸብኝ» አይባልም፤ «አበላሸሁት» ይባላል። በዚያው ቀን «አበላሸሁት» ብሎ የመጣ ከደመወዙ አይቆረጥበትም፤ አብረን እናስተካክለዋለን። ያደረ ግን ያስከፍላል። ባለፈው ወር ታናሹ የአንድ ደንበኛ ኮምፕረሰር አቃጥሎ እየተንቀጠቀጠ መጣና «ጋሼ፣ ተቃ... አቃጠልኩት» አለኝ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ከፈልኩ። ደንበኛውንም ሄደን አብረን ነገርነው።

እነዚያ ሁለት ልጆች ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ላይ ሌላ ቦታ ተከትበው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ ማድረግ ግን ማወቅ አይደለም። ከስምንቱ ቀን አንዱን እንኳ ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ አውቅ ነበር።