ብሩን ከመቀበልህ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣ መዳብ ሽቦ ጠምጥመህ አንዲት ትንሽ አምፖል ከስንዝር ርቀት ላይ ያለ ገመድ ማብራትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አምደወርቅ ተቀምጦ፣ ስልክ እየጠገነ ለሚያድር ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ግን ውጭ አገር ላሉት አጎትህ «ለገጠሩ ሁሉ ያለ ሽቦ መብራት ላደርስ ነውና ገንዘብ ይላኩልኝ» ብለህ ልትጽፍ ነው አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እስቲ መጀመሪያ ስማኝ።

ፎቶውን ሱቅህ ላይ የለጠፍከው ኒኮላ ቴስላ ይህንኑ ተመኝቶ ነበር። ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በሚባል ደጋ ላይ ቤተ ሙከራ አቁሞ ሰው ሠራሽ መብረቅ ያስጮህ ጀመር። ምድርን ራሷን እንደ ሽቦ ተጠቅሞ ኃይልን እስከ ዓለም ዳርቻ መላክ እንደሚቻል አምኖ ነበር። እኔ የማደንቅለት ግን መብረቁን አይደለም፤ የየዕለቱን ሙከራ እየጻፈ መያዙን ነው። ማስታወሻው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ቤልግሬድ ላይ ታትሟል። አንተ ስንት ዙር እንደጠመጠምክ እንኳ ጽፈሃል?

ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ባለጸጋውን ጄ. ፒ. ሞርጋንን 150,000 ዶላር አስወጣው። የተነጋገሩት ስለ መልእክት ነበር፤ ቃልን ውቅያኖስ የሚያሻግር ጣቢያ ሊሠራ። በ1901 ሎንግ አይላንድ ላይ የዋርደንክሊፍ ማማ ሥራ ተጀመረ፤ ቁመቱ 57 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርኮኒ አንዲት ፊደል ብቻ ከእንግሊዝ ወደ ኒውፋውንድላንድ አሻገርኩ ብሎ አወጀ። ቴስላ ገንዘቡ ሲያልቅበት፣ በ1903፣ «ዋናው ሐሳቤ እኮ ኃይል ማስተላለፍ ነው» ብሎ ለሞርጋን ጻፈለት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሞርጋን ከዚያ ወዲያ አንድ ሳንቲም አልጨምርም አለ። ቦታው ለሆቴል ዕዳ ሄደ፤ ማማውም በ1917 ፈርሶ ብረቱ ተሸጠ።

ብዙ ሰው ሞርጋንን ይረግማል፤ ድሃው በነጻ መብራት እንዳያገኝ ከለከለ እያለ። እኔ አልረግመውም። ጤፍ እዘራለሁ ብሎ መሬትህን በመጋዞ የወሰደ ሰው፣ ክረምቱ ሲጋመስ «ለካ ሐሳቤ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ለችግኙ መግዣ ጨምርልኝ» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

ደግሞስ ቢጨምርለት ይሆንለት ነበር? በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ማይጨው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከውጊያው በፊት ለእቴጌ መነን በራዲዮ የላኩትን መልእክት ጣሊያኖች ከአየር ላይ ጠልፈው አንብበውታል። ሞገድ ይበተናል፣ ለወዳጅም ለጠላትም ይደርሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ለመልእክት ያቺው ቅንጣት ትበቃለች፤ ተቀባዩ በራሱ ባትሪ ያጎላታል። አምፖል ግን በቅንጣት አይበራም። ተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እያለው ዛሬም ኃይሉን በሽቦ የሚልከው ወዶ አይደለም። ያንተ ጥምጥም ደግሞ ከራዲዮም ይብሳል፤ ኃይሉ ፈጥኖ ይከዳል። በስንዝር ያበራችውን አምፖል ሁለት ስንዝር አርቃትና እያት።

ገንዘብ አትጠይቅ አላልኩም፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ነገር ግን የምትጠይቀው ለሚሆነው ነገር ይሁን። ከሸለቆው ማዶ ያለው የውሃ ሮቶ ሲጎድል ለመንደሩ በሞገድ የሚናገር መሣሪያ ብትሠራ፣ ለዚህ ቅንጣቷ ትበቃለች፤ እናቶችም ወጥተው ባዶ ቧንቧ ከመጠበቅ ይድናሉ። መብራቱን ከወደድከው እሱንም አትደብቅ። «ዛሬ የደረስኩት አንድ ስንዝር ነው፣ ከዚህ በላይ ላይሄድ ይችላል፣ ብሩ ለመማሪያዬ ነው» ብለህ ጻፍላቸው። አጎትህ እያወቁ ከሰጡህ የልብ ነው፤ ሳያውቁ ከሰጡህ ግን ሐሳብህን በገለጥክ ቀን ጠባችሁ ይጀምራል።

እሑድ ደብተር ገዝተህ ና። የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ብዛት፣ የባትሪውን ቮልት አብረን እንጻፈው። ደብዳቤውንም ሳትልከው አምጣልኝ፤ የብሩን ድምር እኔ ልየው።