እሳትና የጎረቤት ሐቅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውንና ምሕረቱንም እንለምነዋለን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ጌታችን በጨለማ የተጫረውን ክብሪት ያያል፤ በውል ቅጽ ላይ የሰፈረውንም ሐሰት ያውቃል። ነገ ከመጠየቃችን በፊት ዛሬ ራሳችንን እንመርምር።

አማ በዕድ፤ ወንድሞችና እህቶች! በአሜሪካ የምንኖር ሁሉ የዲትሮይትን ነገር ልብ እንበል። ከተማዋ በ1950 እ.ኤ.አ. ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ቆጠራ ግን 640 ሺህ እንኳ አልሞላም። የመኪና ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ነዋሪው ወደ ዳር ከተሞች ወጣ፣ ቤቱ ባዶውን ቀረ። የባዶ ቤት መጨረሻው የታወቀ ነው፤ የመዳብ ቧንቧው ይነቀላል፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይነዳል። «የሰይጣን ሌሊት» ይባል በነበረው የኦክቶበር 30 ሰሞን፣ በ1984 በሦስት ቀን ውስጥ ከ800 በላይ ቃጠሎ ደርሷል። እሳቱ በባዶው ቤት አላበቃም፤ አጠገቡ ሰው የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ ለበለበ፣ የላስቲክ ልባሱን አቅልጦ አንጠለጠለ። ስለዚህ ባለቤት የለውም ብለን የማንንም ቤት አንድፈር።

በመጀመሪያ፣ እሳት መጫወቻ አይደለም። በመዲና አንድ ቤት ከነሰዎቹ በሌሊት ሲቃጠል፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። በእሳት መቅጣት የእሳት ጌታ ብቻ መሆኑንም አስተምረዋል። ለጨዋታም ሆነ ለቂም ቤት የሚያቃጥል ሰው እሳቱን ሊያጠፋ የሚገባውን ሰው ነፍስ ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የት እንደሚያመሹና ከማን ጋር እንደሆኑ ማወቅ ግዴታችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ለገንዘብ ሲባል የሚነሳ እሳት አለ። በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ከኪራይ ይልቅ የኢንሹራንስ ካሳ የሚያዋጣቸው አንዳንድ አከራዮች ሕንጻቸውን በቅጥረኛ አስለኩሰዋል። በዲትሮይትም በግብር ዕዳ የተወረሰ ቤት በጨረታ ከ500 ዶላር ጀምሮ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ያንኑ ቤት እንደ አዲስ ለመሥራት ግን ብዙ አሥር ሺዎች ይጠይቃል። መድን ሰጪዎች የሚፈሩት ይህን ልዩነት ነው፤ ከቆመው ይልቅ የተቃጠለው ቤት ዋጋ ሲያወጣ ፈተናው ይከፈታል። ታዲያ ካሳው ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ሌሎች ከሚከፍሉት አረቦን ነው። በማታለል የወሰደው የጎረቤቶቹን ሐቅ በላ። ባዶውን ቤት «እኖርበታለሁ» ብሎ የሚፈርምም ያው ነው፤ ሐሰቱ ሲታወቅ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፣ የአላህ ጥያቄ ደግሞ ይቀራል። በየትኛውም ቅጽ ላይ እውነቱን መጻፍ አማና ነው።

ሦስተኛ፣ በደል ከላይም ይመጣል። ከ1967ቱ የዲትሮይት ሁከት በኋላ የመድን ኩባንያዎች ከጥቁሮች ሰፈር ሸሹ። በ1968 የአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ ሚሺጋንን ጨምሮ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሌላ ቦታ መድን ላጣ ሰው የመጨረሻ አማራጭ የሚሆን የጋራ ማኅበር ተቋቋመ። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ ሽፋኑም ይጠባል። ቤቷን አጽድታ፣ ጣሪያዋን አሳድሳ የምትኖር አንዲት አሮጊት በመንገዱ ጫፍ ሌላ ሰው ላጠፋው ትከፍላለች። ኢንሹራንስ ከሌለ ባንክ አያበድርም፤ ብድር ከሌለ ገዢ አይገኝም፤ ገዢ ያጣ ቤት ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ይነዳል። ከመካከላችሁ በመድን ሥራ ወይም በከተማ አስተዳደር ያላችሁ ሆይ! ሰውን በሰፈሩ ሳይሆን በያዘው ንብረትና በሥራው መዝኑ፤ ሚዛኑን አታጓድሉ።

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት፤ እርሱ መሐሪና አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

አልሐምዱሊላህ። ምእመናን ሆይ! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎችን ምሳሌ ነግረውናል። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ወለሉን እንብሳ ሲሉ፣ ከላይ ያሉት ዝም ካሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ሰፈርም እንዲሁ ነው። በ1995 የዲትሮይት ከተማ ያንን «የሰይጣን ሌሊት» «የመላእክት ሌሊት» ብላ ሰይማ ነዋሪዋን ለጥበቃ ጠራች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጡ፤ የበረንዳ መብራት አብርተው ጠበቁ፣ መኪናቸው ላይ ቢጫ መብራት እያብለጨለጩ ዞሩ፤ ቃጠሎውም ከቀድሞው በጣም ቀነሰ። በሐምትራምክና በአጎራባቹ የዲትሮይት ሰፈሮችም ከባንግላዴሽና ከየመን የመጡ ሙስሊሞች አሮጌ ቤቶችን ገዝተው፣ ጠግነው፣ ገብተው ኖሩባቸው። በእጃችን ያለውን ማድረግ የእኛም ድርሻ ነው።

ስለዚህ በየሰፈራችን ያለው ባዶ ቤት የማን እንደሆነ እንወቅ፤ ሣሩን እንጨድ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያችን ባትሪ እንዳለው እንይ። ያየነውን በሐቅ እንመስክር፤ ወንጀለኛው ዘመዳችን ቢሆን እንኳ አንሸፍን። የንግድ ኢንሹራንስን በተመለከተ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ በ1985 ጅዳ ላይ በመተባበር ላይ የቆመውን መድን መርጧል፤ ባለንበት አገር ግዴታ ሲሆንብን ዑለማዎችን እንጠይቅ። በእድር መረዳዳት አዲስ አይደለንም፤ ቀብር ላይ የለመድነውን መዋጮ ቤቱ ለተቃጠለበትም እንዘርጋ፤ ሙስሊም ይሁን አይሁን ጎረቤት ጎረቤት ነው።

አላህ ሆይ! ቤቶቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ከእሳት ጠብቅ፤ በዱንያም በአኺራም። ቤታቸውን ላጡ መጠለያ ስጥ፤ የበደሉትን ወደ ተውበት መልስ፤ የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊትህ ከመቆም አድነን። አሚን። ሶላት ይቁም።