«ተለዩ» ሲሏቸው

«ዋቱ ዎቴ» የ22 ደቂቃ ፊልም ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ «ሁሉም ሰው» ማለት ነው። ጀርመናዊቷ ካትያ ቤንራት የሐምቡርግ ትምህርቷ መመረቂያ አድርጋ ሠራችው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ለኦስካር ከታጩት አጫጭር ፊልሞች አንዱ ሆነ። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 2015 ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ የሚሄድ አውቶቡስ ኤል ዋክ አካባቢ የአልሸባብ ታጣቂዎች አስቆሙት። ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲቆም አዘዙ። ሙስሊሞቹ እምቢ አሉ፤ ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉን፣ ካልሆነ ልቀቁን አሉ። ሴቶቹ ሂጃባቸውን ለክርስቲያን ሴቶች አለበሱ። በዕለቱ ሁለት ሰው ሞተ፤ የቀሩት ያን ቀን ተረፉ። እምቢ ካሉት አንዱ የነበሩትና በጥይት የቆሰሉት መምህር ሳላህ ፋራህ ግን በቀጣዩ ወር በሕክምና ላይ እንዳሉ አረፉ።

መጀመሪያ ሳየው ልቤን የወሰደው የመምህሩ ድፍረት ነበር። አሁን እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል ተቀምጬ ሳየው ግን ዓይኔ ጠመንጃ የያዙት ልጆች ላይ ተተከለ። ማን አሳደጋቸው? ማን አስተማራቸው? ፊልሙ አይናገርም። ከመንገድ ዳር ብቅ ብለው ያስጨንቃሉ፣ ይሄዳሉ።

ድህነት ነው፣ መሃይምነት ነው የሚለው መልስ አያጠግበኝም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 2 ቀን በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰው ከገደሉት የአልሸባብ ታጣቂዎች አንዱ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ወጣት ነበር። አባቱ በማንዴራ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ ልጃቸው መጥፋቱን ቀደም ብለው ለባለሥልጣናት አመልክተው ነበር። እኚህን አባት አስባቸዋለሁ። ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ያስመረቁት ልጅ የዕድሜ እኩዮቹን ሲገድል ተገኘ። የአንድ ሃይማኖት በሽታ ነው ለሚልም ሻካሆላ አለ፤ በ2023 በኪሊፊ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ፈጣሪን ለማግኘት እንዲጾሙና እንዲሞቱ ሰብኳቸዋል የተባለው፣ ራሱን ፓስተር የሚል ሰው ክስ ተመሥርቶበታል።

አእምሮ አጠባ ከግድያ አይጀምርም። ሰባኪው መጀመሪያ የልጁን ቁስል ያዳምጣል፤ ተዋርደሃል፣ ተገፍተሃል ይለዋል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ቀጥሎ ከጓደኛና ከቤተሰብ ይነጥለዋል። ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ ኃጢአት ይሆናል። ጠመንጃው ሲመጣ ከባዱ ሥራ አልቋል፤ ልጁ ሰውን በወገኑ ብቻ እያየ ነው። ለዚህ ነው አውቶቡሱ ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ተለዩ» የሆነው።

መለየቱ ራሱ ግቡ ይመስለኛል። ከኤል ዋኩ ጥቃት ዓመት በፊት፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2014፣ በዚያው በማንዴራ ካውንቲ የአልሸባብ ታጣቂዎች ከአውቶቡስ አውርደው ሙስሊም ያልሆኑ 28 ሰዎችን ገደሉ። ብዙዎቹ ለእረፍት ወደ አገራቸው የሚሄዱ መምህራን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከመሃል አገር የመጡ መምህራን በብዛት ማንዴራን ለቀው ሄዱ፤ የአካባቢው ልጆች ያለ መምህር ቀሩ። በፊልሙ ያለችው ክርስቲያን ተሳፋሪ ጁዋም መለያየት የወለደው ጥርጣሬ ልጅ ናት። ቤተሰቧን በታጣቂዎች አጥታለች፤ ከጎኗ የተቀመጡትን ሙስሊሞች በክፉ ዓይን ታያለች። ዳይሬክተሯ ይህን ሳትደብቅ ማሳየቷ ፊልሙን ከተራ የጀግና ታሪክ በላይ አድርጎታል።

አብራኝ ያየችው ጎረቤቴ፣ ሻይ የምትሸጥ የገሪ ጎሳ እናት፣ ሂጃብ የማልበሱ ቦታ ላይ ስትደርስ «አቁመው» አለችኝ። «ለብሳው የማታውቅ ሴት ራሷ ብታስረው ጆሮዋ ይወጣል፣ ግንባሯ ላይ ይንሸራተታል። ሰውዬው ወዲያው ያውቅባት ነበር። ያሰረችላት ሌላ ሴት ናት» አለች። እኔ ያየሁት አንድ ጨርቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብቻ ነው። እሷ ግን ከውጭ ጠመንጃ ተደግኖ ሳለ የማታውቃትን ሴት ፀጉር ሸፍነው፣ አገጯ ሥር የሚቋጥሩትን ጣቶች አየች። ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እጅም መንቀጥቀጥ የለበትም።

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አውቶቡሱ ኬላ ላይ ሲቆም ወርዶ መታወቂያውን ይዞ መሰለፍ ልማዱ ነው። ሕጋዊ ፍተሻ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ያ ሰልፍ ሆዴን ያባባዋል። በዚሁ መንገድ ላይ ቱርቢ የምትባል መንደር አለች። ጁላይ 12 ቀን 2005 ማለዳ ታጣቂዎች ቱርቢን ወረሩ፤ ትምህርት ቤቱም አልቀረም፤ ከሞቱት ከ20 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ገዳይም ሟችም አንድ ቋንቋ፣ ቦረንኛ፣ ይናገሩ ነበር። ሃይማኖት አልነበረበትም፤ የጎሳ ስም ብቻ በቂ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ለእርቅ የተነሡ የአካባቢው የፓርላማ አባላት የተሳፈሩበት አውሮፕላን ማርሳቢት ላይ ተከስክሶ 14 ሰው ሞተ፤ የሞያሌው ተወካይም አብረው አለፉ። ሐዘን በሐዘን ላይ ተደረበ። በእኛም አገር በኢትዮጵያ በ2013 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ መተከል ደባጤ ውስጥ በአውቶቡስ ሲጓዙ የነበሩ ቢያንስ 34 ሰዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። ስለዚህ ኤል ዋክ ለእኔ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ፊልሙን በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢያዩት እወዳለሁ። የሚናገረው በስዋሂሊና በሶማልኛ ነው፤ ሞያሌ ውስጥ ደግሞ የሚያስተረጉም ልጅ አይጠፋም። አይተው ሲጨርሱ መምህሩ ጀግናው ማን ነው ብሎ ባይጠይቃቸው ደስ ይለኛል፤ ያንን ሁሉም ይመልሳል። ጁዋ አውቶቡሱ ከመቆሙ በፊት አጠገቧ ስለተቀመጠችው ሴት ምን ታስብ ነበር፣ ያቺ ሴትስ ስለ ጁዋ፣ ብሎ ቢጀምር ይሻላል። ከዚያ ስለ ራሳቸው ወንበር፣ ስለ ጎናቸው ልጅ ይጻፉ።