ሲጋራውን ለአላህ ብለህ ትተህ ቦርጭ ብታወጣስ?

 

ወንድሜ፣ ለአላህ ብለህ ሲጋራ ካቆምክ ሦስት ወር ሆኖሃል እንበል። ሳሉ ለቆሃል። ሶፍ ላይ አጠገብህ የሚቆመው ሰው በጠረንህ አይቸገርም። ሱሪህ ግን አልቆለፍ ብሏል። ሸይጧንም ሹክ ይልሃል፦ «ምን አተረፍክ? አንዱን በሽታ በሌላ ለወጥክ እንጂ!»

ጥያቄው እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሰውነት አማና ነው ብለን ከተውን፣ ያው አማና በስኳር በሽታ ሲያዝስ?

መጀመሪያ ሐቁን እንወቅ። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሰውነት የሚያቃጥለውንም ጉልበት ይጨምራል። ሲቆም ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራሉ፤ አብዛኛው የሚጨመረው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ10 ኪሎ በላይ የሚጨምር አለ፤ ጭራሽ የሚከሳም አለ። በአሜሪካ ብዙ ሺህ የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ካቆሙ በኋላ ክብደት የጨመሩት ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ለጥቂት ዓመታት ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ክብደት ያልጨመሩት ላይ ይህ አልታየም። ያው ጥናት ግን የወፈሩትም ጭምር በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ማጨስ ከቀጠሉት በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ደግሞስ ማጨስ ራሱ ለስኳር በሽታ ያጋልጥ የለ? ቀጭኑ አጫሽ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ሆዱ ውስጥ የተከማቸውን ስብ ስላላየ ነው።

እህቴ፣ «ሺሻ ያቀጥነኛል» የምትዪው አንቺም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነሽ።

የሸይጧን ሒሳብ ውሸት ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የነፍስ ሒሳብ ነው። «ብዙ ዑለማዎች ሐራም ያሉትን ትቻለሁ፤ ብስኩቱና ለስላሳው ሐላል ነው» ትላለች። ልክ ናት፣ ሐላል ነው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሆድ አንድ ሦስተኛውን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ እንድንተው ሲያስተምሩን ስለ ሐራም ምግብ እየተናገሩ ነበር? በረመዳን ሲጋራውን ትቶ ኢፍጣር ላይ የሳምቡሳውን ሳህን ብቻውን የሚያወርድ ወንድም ሁላችንም እናውቃለን። (ሳምቡሳን መውቀሴ አይደለም።)

እናንተ ጓደኞቹስ? «ትተህ አበጥክ እኮ!» ብሎ መሳቅ ቀልድ ይመስላል። ያ ሰው አፍሮ ወደ ፓኮው ቢመለስ፣ ከወንጀሉ ምንም አይደርሰን ይሆን?

ለማንኛውም ዛሬ ወደ ጁምዓ በእግርህ ሂድ። መስጂዱ ከራቀ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድ። የሻይህን ስኳር ቀንስ። ወገብህ እየሰፋ ከሆነ አንድ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ጤና ጣቢያ ገብተህ የደም ስኳርህን ተለካ። እጅህ በልማድ ወደ አፍህ መሄድ ሲያምረው ደግሞ ብስኩቱን ትተህ ሚስዋክ አስይዘው።