ስለ ቍንጫና ስለ ስሟ

ታናሽ ፍጥረት አንዳንድ ጊዜ ለትልቅ ነገር አስተማሪ ትሆናለች። ግእዙ ቍንጽ፣ አማርኛው ቍንጫ፣ ትግርኛው ቍንጪ የሚላት ተባይ ክንፍ የላትም፤ ነገር ግን የአካሏን ርዝመት ከመቶ እጥፍ በላይ ትዘላለች። ስሟ ግን ከእርሷም አብልጦ ይዘላል፤ ከተባይዋ ተነሥቶ በሰው ላይ ያርፋልና።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ24ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ዳዊት ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶ ሊገድለው ሲችል የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈርጦ ተወው። ከዚያም ከዋሻው ወጥቶ ራሱን በሞተ ውሻና በቍንጫ መስሎ ለንጉሡ ተናገረ። ይህ ቃል ትሕትና መሆኑን ማንም አይስተውም። ነገር ግን ይህንኑ ቃል ሳኦል ስለ ዳዊት ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ንቀት በሆነ ነበር። ሰው ራሱን ታናሽ ሊል ይገባዋል፤ ባልንጀራውን ታናሽ የማለት ሥልጣን ግን ማን ሰጠው?

የቋንቋችንን ጠባይ እንመርምር። ሀብት ያለውን ሀብታም እንላለን፤ ቍንጫ ያስቸገረውንም ቍንጫም እንላለን። ሰዋስው ሁለቱን ቃላት በአንድ መንገድ ያበጃቸዋል፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ሀብታም ሀብቱን ያዝዝበታል፤ ቍንጫም የተባለው ግን ተባይዋ ደሙን ትመጠዋለች እንጂ እርሱ አያዝዛትም። የተጐዳውን ሰው የጉዳቱ ባለቤት አድርጎ መጥራት ፍርድን ማጣመም ነው።

ለዚህም ሙጀሌ ምስክር ነው። ሙጀሌ ከቍንጫ ወገን ሲሆን፣ እንስቲቱ በእግር ጣትና በጥፍር ሥር ገብታ በዕንቍላሏ ብዛት አተር እስክታክል ታብጣለች። የጥንት አገሩ አሜሪካ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ቶማስ ሚቸል በተባለች መርከብ ከብራዚል ወደ አንጎላ ወደብ ወደ አምብሪዝ ገብቶ፣ ከዚያ በአፍሪካ ተሰራጨ። እንግዲህ በካፋ፣ በቦንጋ ወይም በደካ፣ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት በባዶ እግሩ የሚያድግ ሕፃን ሙጀሌ ቢይዘው፣ ተባዩ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣበት እንጂ እርሱ አልጠራውም። ጓደኞቹ ሙጀሌያም ሲሉት ግን እግሩን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውም ቍስል ያመረቅዛል። ተባዩ በመርፌ ይወጣል፤ ስሙን የሚያወጣው መርፌ ግን የት ይገኛል?

ምናልባት አንባቢ፦ ንጽሕና የሰው ሁሉ ግዴታ አይደለምን? ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ግዴታ ነው። ነገር ግን ንጽሕና ውኃና ሳሙና፣ ጫማና የተለበጠ ወለል ይሻል። እነዚህን ያገኘ ሰው ያላገኘውን ቢሰድብ፣ ራሱን ስለ ትጋቱ ያመሰገነ ይመስለዋል፤ የሚያመሰግነው ግን ዕድሉን ነው።

ስለዚህ የቍንጫን ስም መጥራት የሚወድ ሰው እንደ ዳዊት ለራሱ ይጥራው። ለባልንጀራው ግን ከስድብ ይልቅ መርፌና ሳሙና ይዞለት ይሂድ።