ለማን ብለህ?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ተረቱ ግን ወንዙን ጥቂት ሳይበድለው አልቀረም። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ በባሕር ዳር ወጥቶ በጢስ ዓባይ ይወረወራል፤ ከዚያም በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ዐቅፎ ነው ወደ ሱዳን የሚወርደው። መሄዱንስ ይሄዳል፤ አካሄዱ ግን መለየት የከበደው ሰው አካሄድ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ አንድ ወዳጄ ነው። የቡሬ ልጅ፣ መሐንዲስ፣ የሁለት ልጆች አባት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት በር ተከፈተለት፤ ከዱባይ የሥራ ውል፣ ለቶሮንቶ ደግሞ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ። «የቱ ይሻላል?» እያለ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ይጽፍ ጀመር።

በዱባይ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል በረራ ናት፤ «እናትህ ታመዋል» ቢባል በማግሥቱ ቡሬ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዱ በአብዛኛው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ ሻንጣ ማንሣት ነው። እዚያ ያደገ ልጅም እንግዳ ሆኖ ያድጋል። ወደ ቶሮንቶ በረራው ብቻ ከ12 ሰዓት በላይ ነው፤ የመሐንዲስነት ፈቃድ ለማግኘትም እንደ ገና ደጅ መጥናት አለ። ግን በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን የኖረ ቋሚ ነዋሪ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። በእኛ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ያጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው መታወቂያ ብዙ መብት ቢመልስለትም መምረጥና መመረጥን አይመልስለትም።

ለመሆኑ ይህ የሁለት ከተማ ጥያቄ ነውን? ዱባይ ለእናቱ ትቀርባለች፤ ቶሮንቶ ለልጆቹ ትመቻለች። ወዳጄም ዱባይን ሲያስብ «ለእናቴ ስል»፣ ቶሮንቶን ሲያስብ «ለልጆቼ ስል» ይላል። እርሱ ራሱ የሚፈልገውን ግን በወረቀቱ ላይ በየትኛውም ወገን አልጻፈውም።

በመጨረሻ እናቱን ሊያማክር ቡሬ ወረደ። ሰምተው ሲያበቁ «ለእኔ ብለህስ አትሂድ፤ እኔ ጎረቤት አለኝ፣ ዕድር አለኝ። አንተ ብትታመም ውኃ የሚያቀብልህ በየትኛው አገር ነው ያለው?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

ሐዲስ ዓለማየሁም ከጎጃም ወጥተው በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን ኖረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የሚነሣው ከማንኩሳ ነው። እርሳቸውን በየከተማው የመደባቸው መንግሥት ነበር፤ «ለአገሬ ስል» ቢሉ ያምርባቸዋል። የዛሬው ባለሙያ ግን መዳቢው ራሱ ነው።

«ለእገሌ ስል» የሚለው ቃል መፈተኛ አለው። እገሌ «ለእኔ ብለህስ ይቅር» ቢል እንኳ ትሄዳለህ? አዎ ካልህ የምትሄደው ለራስህ ነው። ለራስ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ ዕዳውን በሌላ ሰው ስም መጻፍ ነው። ልጆች አድገው «ለእናንተ ስል እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ» ሲባሉ ያልተበደሩትን ይከፍላሉና።

ወዳጄ ቶሮንቶን መረጠ። ለስንብት ሲመለስ እናቱን «እማዬ፣ የምሄደው እኔ ስለ ፈለግሁ ነው» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ና ልመርቅህ» አሉት።